ውሃ ሰቆጣ ላይ በስንት ይፈላል?

ከጽጽቃ ወደ ሰቆጣ ሲወጣ ጋቢና የተቀመጠ ሰው መንገዱን ከሹፌሩ ዓይን ያነበዋል። ሜዳው ላይ የሹፌሩ ዓይን ከመንገዱ አይነቀልም። ዳገቱ ሲጀምር ግን አንዴ መንገዱን፣ አንዴ ዳሽቦርዱን ማየት ያመጣል። የናፍታዋ ጌጅ ከሞተች ቆይታለች፤ የፍጥነቷም እንዲሁ። በሕይወት ያለችው አንዲት ቀስት ብቻ ናት፤ የሙቀቷ። እሷ ከመሃል ተነሥታ ወደ ቀዩ ስትጠጋ ሹፌሩ ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል፤ አጠገቡ ያለነውም አብረነው እንይዛለን።

ዝቋላ ሲባል ብዙ ሰው የሸዋውን የአቦን ተራራ ያስባል። እኛ የተነሣንበት ግን የዋግ ኽምራው ዝቋላ ነው፤ ጽጽቃን ከተማው ያደረገ፣ ወደ ተከዜ የሚያይ፣ ማሽላና ፍየል የሚያውቅ ቆላ። ከዚያ ተነሥቶ ከ2,200 ሜትር በላይ ወደተቀመጠችው ሰቆጣ መውጣት ማለት በግማሽ ቀን ውስጥ ልብስ መደረብ ማለት ነው። እኛ የወጣንባት መኪና አሮጌ ሃይሉክስ ናት። ኮፈኗ ሥር 3ኤል የሚባለው፣ ቱርቦ የሌለው፣ 2,779 ሲሲ የናፍታ ሞተር አለ። ይህን ሞተር የሚያውቁ ሁሉ ጥንካሬውን ይመሰክሩለታል፤ ሲሞቅ ግን የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ በቫልቮቹ መካከል እንደሚሰነጠቅም አይደብቁም። የዚያን ቀን ከኋላ ማሽላ፣ ሁለት ፍየሎች፣ ማር የያዙ ጀሪካኖችና ስፖንዳውን የጨበጡ ሰዎች ነበሩ። ጋቢና ውስጥ ከእኔ ጋር የልጅ ልጃቸውን ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚያደርሱ እናት ተቀምጠዋል። ልጁ ጭናቸው ላይ ተኝቷል።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ፈላች።

አሮጌ መኪና ስትፈላ ዙሪያዋ ወዲያው ሸንጎ ይሆናል። አንዱ ከኋላ ዘሎ ወርዶ «ቴስታታው ነው» አለ። ሌላው «ራዲያተሩ ተደፍኗል» አለ። ሦስተኛው «ውሃ ጨርሳ ነው፣ ሌላ ነገር የላትም» ብሎ ጀሪካን ይፈልግ ጀመር። ረዳቱ ጨርቅ በእጁ ጠቅልሎ ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሲዘረጋ ሹፌሩ ከመሪው ሳይነሣ ጮኸበት፤ «እጅህን! እንዳትነካው!» ያ ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እንዲህ ያለውን ክዳን ከፍቶ ፊቱንና ደረቱን የተቃጠለ ጓደኛ እንዳለው በኋላ ነገረኝ።

ከዚያ ያደረገው ነገር ለተሳፋሪው ግራ ነበር። ሞተሩን አላጠፋም፤ በሥራ ፈት እያዞረ ተወው። የጋቢናውን ማሞቂያም እስከ መጨረሻው ከፈተው። ሁላችንም ላብ በላብ ሆነን ሳለ ትኩስ አየር ፊታችን ላይ መጣ። ማሞቂያው ግን ሌላ ነገር አይደለም፤ ትንሽ ሁለተኛ ራዲያተር ነው፤ የሞተሩን ሙቀት ተካፍሎ ወደ ጋቢና ያወጣል። ሞተሩን በድንገት ቢያጠፋው የውሃው ፖምፓ ይቆማል፤ ቴስታታው ውስጥ ያለው ውሃ ባለበት ቆሞ የበለጠ ይንተከተካል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ውሃ ገና ካለ ነው። ውሃው ካለቀ ማጥፋትና መጠበቅ ብቻ ነው የሚቀረው፤ የሙቀቷም ቀስት በዚያን ጊዜ አትታመንም። መለኪያው ውሃ ካልነካው ሞተሩ እየነደደም ቀስቷ ዝቅ ልትል ትችላለች። ቀስቷ ወርዳለች ብሎ የተደሰተ ስንት ሹፌር ሞተር ገድሏል።

ወርደን ጥላ ስር ስንቀመጥ እኒያ እናት «ምን ሆነ ልጄ?» አሉት።

«ፈላች፣ እማማ።»

ዝም አሉና፣ «እዚህ ቶሎ ይፈላል» አሉ። «ልጄ ሰቆጣ ተድራ ነው ያለችው። እሷ ዘንድ ስሄድ ውሃው ቶሎ ይንተከተካል፣ ባቄላው ግን አልበስል ይለኛል። እንጨቱ ነው ይሉኛል። እንጨቱ አይደለም፤ እንጨቱንስ ከዚሁ ይዤ ሄጄ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«እከድነዋለሁ፤ ድንጋይም እጭንበታለሁ።»

እኒህ ሴት የተናገሩት የዳገቱን ምሥጢር ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚለው ትምህርት ቤት የተማርነው ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ከፍ ባልን መጠን በላያችን ያለው አየር ይቀልላል፤ ውሃውም በትንሽ ሙቀት ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ስለሆነች ውሃ እዚያ ከ100 ጥቂት አልፎ ነው የሚፈላው። ራስ ደጀን አናት ላይ 85 ገደማ ይበቃዋል። ሰቆጣ ላይ ክፍት ድስት በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ይንተከተካል፤ ከዚያ በኋላ እሳት ቢጨመርለት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ውሃው አይሞቅም። ባቄላው የሚዘገየው ለዚህ ነው። ድንጋዩ የሚጨምረው ግፊት ጥቂት ነው፤ እንፋሎቱን ማስቀረቱ ግን እውነት ነው፤ ሐሳቡም ትክክል ነው።

ያንኑ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1679 ዴኒ ፓፔን የሚባል ፈረንሳዊ ለንደን ላይ በብረት ሠርቶ አሳየ፤ ክዳኑ አጥብቆ የሚዘጋ፣ እንፋሎቱ ሲበዛም ማስተንፈሻ ያለው ድስት። የራዲያተር ክዳን የዚያ ድስት ዘር ነው። የብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ክዳን ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ያ ቁጥር ክዳኑ ከውጭው አየር በላይ ምን ያህል ግፊት ችሎ እንደሚይዝ ይናገራል። ጤነኛ ክዳን ሰቆጣ ላይ ውሃውን ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ያቆየዋል። ላስቲኩ የሞተ ክዳን ግን ከክፍት ድስት አይለይም፤ በ92 ይለቀዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ወደ 20 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ነው ፒካፗን ዳገቱን የሚያወጣት። ጅቡቲ ወደብ ላይ ይኸው ያረጀ ክዳን እስከ 100 ድረስ ይታገሣል፤ ዋግ ላይ ግን ይቅርታ የለውም።

ረዳቱ ሊከፍተው የነበረው ክዳንም ለዚህ ነው የሚያስፈራው። ከ100 በላይ ሞቆ በግፊት ብቻ ዝም ያለ ውሃ፣ ክዳኑ ሲነሣ በአንዴ እንፋሎት ይሆናል። ሹፌሩ ቀስቷ ስትመለስለት ሞተሩን አጥፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቀ። የላይኛውን የጎማ ቱቦ በእጁ ጨብጦ ለስላሳ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ነው ቀስ ብሎ ያላላው። ውሃውንም ሞተሩን አስነሥቶ ጥቂት በጥቂት አፈሰሰ። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አንድ ጊዜ መድፋት ምጣድ ላይ ውሃ እንደመርጨት ነው።

እንደዚያ ሦስት ጊዜ እየቆምን ሰቆጣ ገባን። እማማ ልጁን ይዘው ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ። እኔ ግን ነገሩ ስላልወጣልኝ በማግሥቱ ጠዋት ሹፌሩን ተከትዬ ጋራዥ ሄድኩ።

መካኒኩ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ቁልፍ አላነሣም። መጀመሪያ ያደረገው መጠየቅ ነበር። «መቼ ነው የምትሞቀው? ስትነሣ ወዲያው ነው? ሜዳ ላይ ስትሮጥ? ዳገት ላይ? ነፋሱ ከፊት ነው ከኋላ?» የመጨረሻው ጥያቄ ገረመኝ። ሹፌሩ ትንሽ አሰበና «ዳገት ላይ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነፋስ ከኋላ ሲገፋ» አለ። መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ። ገና ሲነሣ ወዲያው የሚሞቅ ሞተር ሌላ በሽታ አለበት። ሜዳ ላይ በሩጫ የሚሞቅ የራዲያተሩን መደፈን ያሳያል። በዝግታ፣ በሸክም፣ ከኋላ በሚነፍስ ነፋስ የሚሞቅ ግን አየር አጥቷል ማለት ነው። ሰቆጣ ከፍታ ላይ አየሩ ራሱ ባሕር ወለል ላይ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት ተሸክሞ ለመሄድም ሰነፍ ነው፤ ቱርቦ የሌለውንም ሞተር ጉልበት ይቀንሰዋል፤ ጉልበት ሲቀንስ ማርሽ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ የበለጠ ይሞቃል።

ሹፌሩን የሚያስጨንቀው ቴስታታው ነበር። ከዓመት በፊት እዚሁ ሳይሆን ሌላ ከተማ ያለ ጋራዥ «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል» ብሎት ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ሄዶ ነበር። ለዚያ በሬ ሸጧል። አሁንም ያንኑ ቢሉት የሚሸጠው መኪናዋን ራሷን ነው።

ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ አድሯል። መካኒኩ ክዳኑን አንሥቶ ውሃውን እስከ አፉ ሞላና «አስነሣት» አለ። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን ራዲያተሩ አፍ ላይ አየን። ጓርኒሲዮን፣ ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ከተቃጠለ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው ይገባል፤ ውሃው ሳይሞቅ አረፋ ያለማቋረጥ ይወጣል። ጠበቅን። ጥቂት አረፋ ወጣና ቀረ፤ ውሃው ጸጥ አለ። የዘይት መለኪያውን መዝዞ አየ፤ ዘይቱ ጥቁር ነው፣ ወተት አልመሰለም።  «ቴስታታህ ደኅና ነው» አለው። ሹፌሩ ምንም አልመለሰም፤ ዞር ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር ሁሉ ትንንሽ ነው። ጠዋት ስንደርስ የላይኛው ቱቦ ጎኑ ገባ ብሎ ተጣብቆ ነበር፤ እኛ ልብ አላልነውም። መካኒኩ አስታወሰው። የራዲያተር ክዳን ሁለት በር አለው፤ አንዱ ግፊት ሲበዛ ወደ ውጭ ይለቃል፣ ሌላው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከጎን ካለው ጠርሙስ ውሃውን መልሶ ያስገባል። ሁለተኛው ከተጣበቀ ራዲያተሩ ባዶነቱን በቱቦው ላይ ይጮሃል፣ እንደ ረኀብተኛ ጉንጭ ይገባል። ክዳኑን ገልብጦ አሳየን። ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ ጠርዙ በጣት ሲነካ እንደ ጥላሸት ይረግፋል። ክዳን ነው እንግዲህ፤ ከመኪናዋ ዕቃ ሁሉ ርካሹ ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ አልኩ። የጋራዡ ቋንቋ አብዛኛው ጣሊያንኛ ነው፤ ቴስታታ፣ ፖምፓ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ። ከጣሊያኖቹ ወርሰን አማርኛ ያደረግናቸው ናቸው። ክዳን ግን የራሳችን ነው። የድስቱም፣ የጎጆውም ሣር ክዳን ነው። ድምፁ ከኪዳን ይቀራረባል፤ ሥሩ ግን ሌላ ነው፤ አንዱ ከመክደን፣ ሌላው ከመካየድ ይወጣል። ሰቆጣ ደግሞ በኪዳን ትታወቃለች። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ለማጥፋት የገባው ቃል በእሷ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ ይጠራል። ይህን ትልቅ ቃል ወደ ዝቋላና ወደ አበርገሌ የሚያደርሰው ማን ነው ብዬ አሰብኩ። አልሚ ምግቡም፣ ክትባቱም፣ ነርሷም፣ የታመመው ልጅም የሚጓዙት በመኪና ነው፤ ብዙውን ጊዜም እንደዚች ባለች አሮጌ ፒካፕ ነው። ጥንት የአፋር ጨው፣ አሞሌው፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ከባሕር ወለል በታች ተነሥቶ ሰቆጣ ገበያ ይደርስ ነበር። ግመል ዳገት ሲከብደው ሸክሙ ወደ በቅሎ ይዛወራል፤ ነጋዴው የእንስሳውን ትንፋሽ እየሰማ ነበር የሚያርፈው። ለሞተር ያንን ጆሮ የነፈግነው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

መካኒኩ ክዳኑን አስቀምጦ ወደ ፋኑ ሄደ። በእጁ አዞረው። ይህ ዓይነቱ ፋን መሃሉ ላይ የሲሊኮን ዘይት ያለበት ማያያዣ አለው፤ ሲሞቅ መያዝ፣ ሲበርድ መልቀቅ አለበት። ጠዋት በብርዱ ጥቂት እየታገለ ዞረ፤ ደኅና ነው። ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ተጫነ፤ አልላላም። የፖምፓውን ሥር በባትሪ አብርቶ አየ፤ ደርቆ የቀረ የውሃ መንገድ የለም። ከዚያ ቀና ብሎ «የፋኑ ሽፋን የት አለ?» አለ።

የለም። ቴስታታው በወረደበት ጊዜ ተፈትቶ እዚያው ቀርቷል። ፋኑን ዙሪያውን የሚከበው ያ ሽፋን ለጌጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እሱ ከሌለ ግን ፋኑ በራዲያተሩ ውስጥ አየር መሳቡን ትቶ በዙሪያው ያለውን ትኩስ አየር መልሶ መላልሶ ያማስላል። መኪናዋ ስትሮጥ ነፋሱ ራሱ ስለሚገባ አይታወቅም። በሁለተኛ ማርሽ፣ ነፋስ ከኋላ ሲሆን፣ ሁሉም ነገር በፋኑ ላይ ይወድቃል። የመካኒኩ የነፋስ ጥያቄ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ቴርሞስታቱስ?» አለ። ሹፌሩ ከዳሽቦርዱ ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለች ነገር አወጣ። እሷንም አውጥተውለት ነበር፤ «ቆላ ለሚሠራ መኪና አያስፈልግም» ተብሎ። አለመጣሉ ደስ አለኝ። ቴርሞስታት ማውጣት በሀገራችን የተለመደ መድኃኒት ነው፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ግን መድኃኒት ሳይሆን መርዝ ነው። ያች ነገር ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን በር ስትከፍት፣ በሌላኛው ጫፏ ውሃው በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን መንገድ ትዘጋለች። ስትወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ትኩሱ ውሃ ግማሹ ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። ሜዳ ላይ ሞተሩ እጅግ ይቀዘቅዛል፣ ዳገት ላይ ይነድዳል።

መካኒኩ ወደ ቦታዋ ከመመለሷ በፊት ሊፈትሻት ፈለገ። ብረት ጣሳ ውስጥ ውሃ አደረገ፣ በክር አንጠለጠላት፣ ቡታ ጋዙ ላይ ጣደ። ቴርሞሜትርም ነከረበት። እኔና አንድ ወጣት ተማሪው ቁጢጥ ብለን አየን። 82 ሲል በሯ ብቅ አለች። 85፣ 88፣ እያደገች ሄደች። 92 ላይ ውሃው ተንተከተከ፤ ቴርሞሜትሩ ቆመ፤ በሯም ቆመች። ሙሉ በሙሉ አልተከፈተችም። ወጣቱ «ተበላሽታለች፣ አልከፍት አለች» አለ።

«አልተበላሸችም» አለ ሽማግሌው። «ሙሉ የምትከፈተው በ95 ነው። ጣሳው ክፍት ነው፤ እዚህ አገር ክፍት ውሃ 95 አይደርስም።»

ስንት ጤነኛ ቴርሞስታት እንዲህ በደጋ ጣሳ ተፈርዶባት እንደተጣለች እግዜር ይወቀው። የፈተናው መመሪያ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው፤ የሚፈተነው ዋግ ላይ ነው። እኒያ እናት ስለ ባቄላው የነገሩኝም ይኸው ነበር፤ ክዳን ከሌለው ምንም ያህል ቢነድድ አይደርስም። ሞተሩም እንዲሁ ነው፤ ክዳኑ ካልያዘ፣ ቴርሞስታቷ ደጇን ሙሉ ለመክፈት ሳትደርስ ውሃው ይፈላል።

ሥራው ሁለት ቀን ወሰደ። ሽፋኑ ከአንድ የተቀጠቀጠ ሃይሉክስ ተገኘ። አዲስ ክዳን ተገዛ፤ መካኒኩ ላስቲኩን በጣቱ ሦስት ጊዜ ተጭኖ አየው። ራዲያተሩ በውሃ ታጠበ፤ ከኋላ ወደ ፊት፣ ማለትም ከሞተሩ በኩል። ከፊት ቢታጠብ ጭዱንና ትንኙን የበለጠ ወደ ውስጥ ይሰካዋል። የወጣው ጭድ አንድ እፍኝ ይሆናል። ከውስጥም የዝገት ጭቃ ወረደ፤ የዓመታት የወንዝ ውሃ ነው። በምትኩ ኩላንት ተሞላ። በረዶ በሌለበት አገር አንቲፍሪዝ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ዋና ሥራው ግን እዚህ ዝገትን መከልከል ነው። መኪናዋን አፍንጫዋ ዳገት እንዲያይ አድርገው አቁመው ሞሏት፤ የታፈነ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ።

ሆስፒታሉ ደጅ እማማን አገኘኋቸው። ልጁ ትኩሳቱ በርዶለት ብስኩት ይበላል። «ምን አሉት?» አሉኝ፣ መኪናዋን ማለታቸው ነው።

«ክዳኑ ነው፣ እማማ።»

«አላልኩም?» አሉ፤ ነጠላቸውን ሰብስበው።

እኔ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሹፌሩ ደወለ። ከኋላው ፍየል ይጮሃል፤ ሰው ይስቃል። የፈላችበት ዳገት ላይ ቆሜአለሁ አለኝ፤ በሁለተኛ ማርሽ፣ አሥር ኩንታል ማሽላ ጭኛለሁ፣ ነፋሱም ከኋላ ነው። «ቀስቷስ?» አልኩት። «መሃል ላይ ናት፣ ጋሼ። እንካ ስማት» አለና ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋልኝ።